ደቻቱን በሸራ ጀልባ

ዱዓሌ የደቻቱን ጎርፍ በጀልባ እወርዳለሁ ያለው ጫት ጉንጩ ውስጥ እያለ ነው። ይህን ልብ ያላለ ሰው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር አይገባውምና አስቀድሞ ይታወቅ።

ድሬዳዋ ላይ የበርጫ፣ የጫት መቃሚያ ሰዓት፣ ወሬ አይያዝም። ከምሳ በኋላ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግል ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ትራስ ተደግፈው ይቅማሉ። ምርቃናው ሲመጣ አንዱ ጅቡቲ ላይ ፎቅ ይገነባል፣ አንዱ የሱልጣን ልጅ ያገባል፣ አንዱ የባቡሩን ሐዲድ ነቅሎ በሐርላ በኩል ያዞረዋል። የመግሪብ ሶላት ሲደርስ ሁሉም ተነስቶ ሽርጡን ያራግፋል፤ ፎቁም፣ የሱልጣኑም ልጅ፣ ሐዲዱም ከገረባው፣ ከጫቱ ትራፊ፣ ጋር ተጠርገው ለፍየል ይሰጣሉ። በማግስቱ "ያ ፎቅህ ከምን ደረሰ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነውር ነው። ገረባውን የምትበላው ፍየል እንኳ ይህን ታውቃለች።

ተሰማ ግን አያውቅም ነበር።

ተሰማ ከመንዝ የመጣ ልጅ ነው። የጃንሆይ ኢዮቤልዩ በተከበረ በዓመቱ ባቡር ጣቢያው ትኬት ቆራጭ አድርጎ ቀጠረውና ድሬ ወረደ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያናግረው ባርኔጣውን የሚያወልቅ ልጅ ነው። ደግ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ማን ይሰማው ነበር። ዱዓሌ ደግሞ የባቡሩ መጠገኛ፣ አቴልዬ የሚሉት፣ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነው። አንድ ቀን "ብቻህን ግድግዳ ከምታይ ና" ብሎ ቤቱ ጠራው። ተሰማ መጣ፣ ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ የቀረበለትን ጫት እንደ ጎመን አላምጦ ዋጠው። ወንዶቹ ሳቁ። ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ውሃና ሻይ የምታቀብለው የዱዓሌ ታናሽ እህት ሃዎም ሳቀች። አፏን በመዳፏ ባትይዘው ሳቋ ከዚራ ሰፈር ድረስ ይሰማ ነበር።

ወሬው ወደ ጀልባዋ የዞረው ያኔ ነው። ጀልባዋ የአቴልዬው አለቃ የነበረ አንድ ፈረንሳዊ፣ ሁሉም ሙሴ የሚሉት፣ አገሩ ሲገባ ለዱዓሌ የተዋት ናት። እንደ ድንኳን ትታጠፋለች፤ አጥንቷ እንጨት፣ ቆዳዋ ጎማ የተቀባ ሸራ ነው። ፊትና ኋላ ሁለት ሰው ታስቀምጣለች። ሙሴ ዱዓሌን አዋሽ ድረስ እየወሰደ ድንጋይ የበዛበት ውሃ ላይ እንዴት እንደሚወረድ አስተምሮታል። ይኸ እውነት ነው። ጉራው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

"ደቻቱ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ ዱዓሌ ትራሱን እየደለደለ። "ግመል የሚያንቀላፋበት አሸዋ። ጎርፉ ሲመጣ ከላይ ከድንጋዮቹ ተነስቼ እስከ ድልድዩ እወርዳለሁ። ድልድዩ ስር ሳልፍ ሰላም እላችኋለሁ።"

"ለእኔ ዓሣ ይዘህልኝ ና" አለ ጓደኛው ሞሐሙድ።

"አቦ፣ አሸዋ ውስጥ የኖረ ዓሣ ምን ሥጋ ይኖረዋል" አለ ሌላው፤ ሳቁ።

ተሰማ አልሳቀም። ጠጋ ብሎ "መቼ?" አለ።

በርጫ ላይ "መቼ" የሚል ሰው ገጥሟቸው አያውቅም። ሞሐሙድ ማኘኩን አቆመ።

"የመጀመሪያው ትልቅ ጎርፍ የመጣ ዕለት" አለ ዱዓሌ። ምርቃናው ነው የመለሰው።

"ቃልህን?"

"ቃሌን።"

ከመጋረጃው ወዲያ ሃዎ እጇ ላይ ያለው ማንቆርቆሪያ ድንገት ከበዳት።

ለማያውቅ ሰው ደቻቱ ሜዳ ይመስላል። ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ የተኛ ሰፊ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፣ አህያ ይንከባለልበታል፣ ሴቶች ልብስ ያሰጡበታል። ጎርፉ የሚመጣው ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ነው። ዝናቡ ወደ ሐረር በኩል ደንገጎ ተራራ ላይ ይዘንብና ውሃው ለማንም ሳይነግር ይወርዳል። ከከተማው በላይ፣ ወንዙ ከተራራው በሚወጣበት ላይ፣ ጎጆ የሚያካክሉ ድንጋዮች ተዘርግፈዋል። ጎርፉ እነሱ መሃል ሲገባ እንደ እብድ ይሆናል። ባለፈው ክረምት ጎረቤታቸው ኑርቶ ያሰጣችውን ልብስ ልትሰበስብ እንደወረደች ቀርታለች። የተገኘው ሻርፗ ብቻ ነው፣ ግራር ላይ ተንጠልጥሎ። ሃዎ ሲያወርዱት አይታለች። ሰማያዊ ነበር፤ የጭቃ መልክ ይዞ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሃዎ ደቻቱን ስትሻገር በድልድዩም ቢሆን ወደ ታች አታይም።

ተሰማ ወሬኛ አልነበረም። ያደነቀውን ነገር ሆዱ ውስጥ ማሳደር አይችልም እንጂ። ትኬት ሲቆርጥ ለጅቡቲ ተሳፋሪ ነገረ፣ ለተሸካሚው ነገረ፣ ለጣቢያው ዘበኛ ነገረ። "እንዲህ ያለ ወንድ አይቼ አላውቅም" ይላል። ትኬት ለመቁረጥ የተሰለፈ ሰው የሚሰማው ሌላ ምን አለው? ይሰማል። ወሬው ከጣቢያው ወጥቶ መጋላ ሰፈር ሲደርስ ጎርፉም ጀልባዋም አድገው ነበር።

ዱዓሌ በመንገድ ሲያልፍ ልጆች ከኋላው አየሩን በእጃቸው መቅዘፍ ጀመሩ። ጫት ሻጯ ሳሕራ "ወሪያ ዱዓሌ፣ ለራስህ ብቻ ግዛ፤ ዓሣ ጫት አይወድም" አለችው። እሱም አብሮ ይስቃል። ሃዎ ግን ሳቁ ከጥርሱ እንደማያልፍ ታያለች።

"ትወርዳለህ?" አለችው አንድ ጠዋት፣ ፊቱን ሲታጠብ ውሃ እያፈሰሰችለት።

"አብደሻል? በርጫ ነው እኮ።"

"ታዲያ ሰዉ ሁሉ..."

"ሰዉ ይረሳል። ጎርፉ ሲመጣ እኔ አቴልዬ ምድጃው ሥር ነኝ። ምን ሰማሁ፣ ምን አየሁ። በማግስቱ ሌላው ሌላ ያወራል፣ የእኔ ይቀራል።"

ሃዎ ይህን ሰምታ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር። ግን ፍርሃት የያዛት ሃዎ ዝም አታውቅም፤ እግሯም አፏም አይቀመጥም። በዚያው ቀን ጣቢያ ሄዳ ከትኬቱ መስኮት ሥር ቆመች።

"ጋሼ ተሰማ፣ ያ የዱዓሌ ነገር የበርጫ ነው።"

"የበርጫ ማለት?"

"ማለት የለም ማለት ነው። ሰው በርጫ ላይ ያለው ነገር አይቆጠርም። አፉ ነው እንጂ እሱ አይደለም የተናገረው።"

"አፉ የማን ነው?"

"በዚያ ሰዓት የጫቱ ነው።"

ተሰማ ባርኔጣውን አወለቀ። ፊቱ ሲቀየር ሃዎ አየችው፤ ልቧም ራራለት።

"እኔ እኮ እውነት መስሎኝ ነው" አለ። "እኛ ዘንድ ወንድ ቃሌን ካለ ይሞታል እንጂ አይመለስም። ወንድሜን ላስገድለው ነበር?"

"አይዞዎት። ብቻ ከእንግዲህ ዝም ይበሉ።"

"ዝም ማለትማ አይበቃም። ያበላሸሁትን እኔው አቀናዋለሁ።"

ሃዎ ቀለል ብሏት ሄደች። "አቀናዋለሁ" ያለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ልቧ ግን አልያዘውም።

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ ተሰማ ሰው ወደሚሞላበት ሻይ ቤት ገባ። ዱዓሌ ራሱ እዚያ ነበር፤ ሻዩን እያቀዘቀዘ። ተሰማ መሃል ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው እጁን አጣመረ።

"ወንድሞቼ፣ ዱዓሌ ያን ነገር ያለው በጫት ኃይል ነው። እንደማይችለው አሁን ገብቶኛል። እናንተም ይቅር በሉት። እኔ ከቃሉ ፈትቼዋለሁ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሞሐሙድ ነው ለሃዎ የነገራት። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ፣ "ዱዓሌ፣ ተፈታህ አሉ። እንግዲህ ሌላ ባል ፈልግ" አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፣ ብርጭቆ ወደቀ። ተሰማ ብቻ ምን እንዳሳቃቸው ሳያውቅ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ዱዓሌ ተነሳ።

"ማን ፍታኝ አለህ?" አለው። "እወርዳለሁ ብያለሁ፣ እወርዳለሁ።"

ጉንጩ ውስጥ ጫት አልነበረም። ሻይ ብቻ ነው የያዘው። ይህን ሁሉም አየ።

ቤት ሲገባ "ለተሰማ የነገረው ማነው?" አለ።

"እኔ" አለች ሃዎ መሬት መሬት እያየች።

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። አልሰደባትም። ጀልባዋን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣና የተቀደደውን ሸራ በጎማ ይለጥፍ ጀመር። ሃዎ ለእናታቸው ለመንገር ሁለት ልብ ሆነች። እናታቸው ሃሊሞ ከሰማች ያቺን ሸራ በቢላ እንደ ሐብሐብ እንደምትቆርጣት ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ለዚህም ነው ሁሉም ከእሷ የደበቀው። አባታቸው እንደሆነ ባቡር ላይ ነው፣ ዛሬ ጅቡቲ ነገ አይሻ። ግን ሃዎ አንዴ ተናግራ ያመጣችውን አይታለች፤ አሁን የገዛ አፏን ፈራችው። መቅዘፊያውን ጣሪያ ላይ ደበቀችው። ዱዓሌ ፈልጎ አወረደው።

ደንገጎ የጠቆረው ነሐሴ ውስጥ ነው፣ ከዙህር ሶላት በኋላ። መጀመሪያ የተራራው ጫፍ ጠፋ፣ ቀጥሎ ወገቡ። ከሐረር የሚወርዱ ካሚዮኖች እዚያ ውሃ ካዩ ከተማ ሲገቡ ጥሩምባቸውን ሳይለቁ መንፋት ልማዳቸው ነው፤ አሸዋው ላይ ያለ ሰው እንዲወጣ። ያን ቀን የመጀመሪያው ካሚዮን ገና ከሩቅ እየጮኸ ወረደ። ሴቶቹ ልብሳቸውን ሰበሰቡ፣ አህዮቹ ተነዱ። ሌላ ጊዜ ሰው ወደ ቤቱ ነው የሚሮጠው፤ ዛሬ ወደ ድልድዩ ሮጠ።

ዱዓሌና ሞሐሙድ ጀልባዋን በአናታቸው ተሸክመው በዳርቻው ወደ ላይ ወጡ። ሃዎ ከኋላ ከኋላ ተከተለች። ድንጋዮቹ የሚጀምሩበት ደርሰው ጀልባዋን ከአሸዋው ከፍ ያለ የአፈር ደረጃ ላይ አስቀመጧት። የዱዓሌ ሐሳብ መጀመሪያ የሚመጣውን የጎርፉን ራስ ማሳለፍ ነው። ራሱ ግንድ ይዞ ይመጣል፣ የሞተ ከብት ይዞ ይመጣል፤ እሱ ካለፈ በኋላ ጀልባዋን ገፍቶ ይገባል።

"ሞሐሙድ፣ አንተ ወደ ድልድዩ ውረድ" አለ። "ከዚያ ገመድ ትጥልልኛለህ።"

"ከፈለግህ እግሬን ወለም ብሎኝ፣ ተሸክመኸኝ ስለነበር አልወረድክም እላለሁ" አለ ሞሐሙድ። "ወላሂ እላለሁ። እኔ ላይ ይሳቁ።"

ዱዓሌ በአገጩ ወደ ታች አመለከተው። ሞሐሙድ ወረደ።

ሃዎ ያኔ ነው ብልሃቷን ያወጣችው። ብልሃቷ ቀላል ነበር። ድርያዋን፣ ሰፊ ቀሚሷን፣ ሰበሰበችና ጀልባዋ ውስጥ፣ ከፊተኛው መቀመጫ ላይ ቁጭ አለች።

"ውረጂ።"

"አልወርድም።"

"ሃዎ፣ በአላህ ውረጂ። ጊዜ የለም።"

"ጊዜ ካለፈ ይለፍ። እኔን ይዘህ አትገባም፤ እኔን ካልያዝክ ደግሞ ጀልባ የለህም። ሂድና በላቸው እህቴ ከለከለችኝ። በእኔ ላይ ይሳቁ፤ እኔ ሳቅ አይገድለኝም።"

ዱዓሌ አያት። ፊቱ ላይ ቁጣ ነበር፤ ከቁጣው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር አየች። ደስ ብሎታል። እንደዚያ ደስ ያለው ሰው አይታ አታውቅም። የሚያስቆመው ሰው ሲፈልግ ነው የከረመው። እሱም ጀልባዋ ውስጥ ገብቶ ከኋላዋ ቁጭ አለ፣ ብብቷን ይዞ ሊያነሳት መስሎ፤ ግን አልጎተታትም።

"አንቺ ልጅ ክፉ ነሽ" አለ፣ ሊስቅ ምንም አልቀረውም።

መጀመሪያ የመጣው ነፋስ ነው። ቀዝቃዛ፣ የእበትና የእርጥብ አፈር ሽታ ያለው። ወፎቹ ከግራሩ ላይ ባንድ ጊዜ ተነሱ። ቀጥሎ ድምፁ፤ እንደ ባቡር ነው ይላሉ፣ ግን ባቡር ይቆማል። የጎርፉ ራስ በድንጋዮቹ መሃል ታየ። ውሃ አይመስልም፤ የሚሄድ አጥር ነው፣ ቆሻሻና እንጨትና አረፋ የተቆለለበት። ከእነሱ ሥር እየጮኸ አለፈ። ሃዎ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው አሸዋው የለም፤ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ነገር ይፈላል።

"አለፈ" አለ ዱዓሌ። "በይ አሁን ተነሺ፣ ወደ ቤት..."

የአፈሩ ደረጃ ከሥራቸው ተናደ።

ማንም አልገፋቸውም፣ ማንም አልወሰነም። የተቀመጡበት መሬት እንደ ራሰ ዳቦ ተቆርሶ ወረደና ጀልባዋን ይዟት ገባ። ሃዎ መጮኋን አታስታውስም። የምታስታውሰው ውሃው ምን ያህል ቀዝቃዛ እንደሆነ ነው፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ድሬዳዋ ላይ። ጀልባዋ አንዴ ዞረች። የዱዓሌ መቅዘፊያ ውሃውን ሲመታ ተሰማት፣ የጀልባዋም አፍንጫ ወደ ታች ተቃና።

"ሃዎ፣ ስሚኝ። ከፊት ያለሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ራስሽ ከልሎኛል። ውሃው በሁለት ድንጋይ መሃል ምላሱን አውጥቶ የሚሄድበትን ፈልጊ። ለስላሳውን። እጅሽን ወደዚያ ዘርጊ።"

"ምላስ የለም፣ ጥርስ ብቻ ነው" አለች።

"አለ። ፈልጊ።"

ነበረ። በግራ በኩል፣ ጎጆ በሚያክሉ ሁለት ድንጋዮች መሃል፣ ውሃው እንደ ዘይት ለስልሶ ይወርድ ነበር። ግራ እጇን ዘረጋች። ዱዓሌ ቀዘፈ። ድንጋዮቹ በግራም በቀኝም ከትከሻዋ በላይ አለፉ፤ ጀልባዋ ወድቃ ተነሳች። ከጀልባዋ ሥር፣ በወንዙ ወለል ላይ፣ ድንጋዮች እየተንከባለሉ ይጋጫሉ። ጓ፣ ጓ፣ ጓ። በሸራው በኩል እግሯ ድረስ ይሰማታል።

ሁለተኛው ላይ ተሳሳተች። አረፋ የሌለበት፣ እንደ ትራስ ያበጠ ቦታ አየችና ለስላሳ መስሏት ጠቆመች። "እሱ አይደለም፣ ያበጠው ሥር ድንጋይ አለ" አለ ዱዓሌ፣ ሊያዞራትም ሞከረ፤ ግማሽ ዞረች። የጀልባዋ ሆድ ተፈተገ። የተለጠፈው ጎማ ሲላቀቅ ጨርቅ እንደሚቀደድ ጮኸ፣ ውሃ እግሯ ላይ ገባ። በመዳፏ ታፈስስ ጀመር። ውቅያኖስ በማንኪያ።

ከዚያ ጥቂት ቦታ ወንዙ ሰፋ፤ ጀልባዋ እንደ ፈረስ እየዘለለች ሄደች። ሃዎ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ሊስቅ ሲል ተሰማትና አፈረች። የኑርቶ ሻርፕ ትዝ አላት። ሳቁ ጠፋ። ገና አላለቀም፤ ዱዓሌም ከኋላዋ በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ መቅዘፊያውን አቆመ።

"ምን አየህ?"

"ግንድ" አለ።

ከፊታቸው አንድ ትልቅ ድንጋይ ነበር፤ ከድንጋዩ እስከ ዳርቻው አንድ የተነቀለ ዛፍ ተጋድሟል። ውሃው በዛፉ ሥር ያልፋል፣ ሰው ግን አያልፍም። መተላለፊያው በድንጋዩ በቀኝ ብቻ ነው። ዱዓሌ ቀዘፈ፤ ትንፋሹ እንደ ወናፍ ይሰማታል። ግማሽዋ ጀልባ አለፈች፣ ግማሽዋን ውሃው ያዛት። ወደ ጎን ዞራ ድንጋዩ ላይ ተለጠፈች።

"ወደ ድንጋዩ ተጋደሚ። እቀፊው። ሃዎ፣ ወደ ድንጋዩ።"

ሰምታዋለች። ግን ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ እርጥብ ነው፣ ወደ ፊቷ እየመጣ ነው። ሰው ወደሚፈራው ነገር እንዴት ይጋደማል? ሸሸች። በሸሸችበት በኩል ውሃው የጀልባዋን ጠርዝ ይዞ ገለበጣት።

ከዚያ ሁሉም ቡናማ ሆነ። አፏ ውስጥ አሸዋ ገባ። አንድ እጅ ወገቧን ያዛት፣ ሌላ እጅ ከሥሯ ገፋት፤ ጥፍሮቿ ድንጋይ አገኙ። ወጣች። ድንጋዩ ላይ በሆዷ ተኝታ ስታስል ከሥሯ ይገፋት የነበረው እጅ የለም። ዞራ አየች። ጀልባዋ ተገልብጣ እየሄደች ነው። ዱዓሌ አብሯት የለም።

"ዱዓሌ" አለች። ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም።

ዛፉን በሆዷ እየተሳበች ተሻገረች። እንዴት እንደተሻገረች በኋላ ሲጠይቋት መናገር አልቻለችም። ዳርቻው ላይ ደርሳ ሮጠች። አንዱ ጫማዋ የለም፣ እሾህ ይወጋታል፣ አልቆመችም። ከእያንዳንዱ ድንጋይ ኋላ ታያለች። አንድ ቦታ ጥቁር ነገር አየችና ተጠጋች፤ የከሰለ ጉቶ ነው። ሌላ ቦታ ነጭ ነገር አየች፤ የሞተች ፍየል ናት። "ወደ ድንጋዩ ብሎኝ ነበር" ትላለች ለራሷ፤ "ወደ ድንጋዩ ብሎኝ ነበር።" ግራር ባየች ቁጥር ቅርንጫፉን ማየት አትፈልግም፤ ግን ታያለች። የእሱን ሸሚዝ እየፈለገች ነው፣ እንዳታገኘውም እየለመነች።

ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ከአንድ ሰፊ ድንጋይ ኋላ፣ ውሃው ወደ ኋላ እየዞረ አረፋ የሚያጠራቅምበት ቦታ አለ። አረፋው መሃል ጭንቅላት ነበር። ክንዱን በዛፍ ሥር ላይ ጠምጥሞ ያስመልሳል፣ ጭቃ ውሃ። ሃዎ ወርዳ በጸጉሩ ያዘችው፤ ሌላ የሚያዝ ነገር አላገኘችም።

"ልቀቂ፣ ያማል" አለ።

"አልለቅም።"

ጎትታ አወጣችው፤ ወይም እሱ ወጣ፣ እሷ ጸጉሩን ይዛ ነበር። ዳርቻው ላይ ተኙ። ግራ ክንዱ አብጧል፣ ግንባሩ ይደማል። ሃዎ ደረቱ ላይ ጆሮዋን አደረገች፣ ሲናገር ሰምታው እንኳ አላመነችም። ልቡ ይደልቃል፤ የእሷም ይደልቃል፣ የትኛው የማን እንደሆነ አልለየችም።

"ጀልባዋስ?" አለ ቆይቶ።

"ትሂድ። ድልድዩ ስር ስታልፍ ሰላም ትበላቸው።"

ይህን ብላ አፏን ሳትዘጋ ከታች፣ ከድልድዩ በኩል፣ እሪታ ተነሳ። መጀመሪያ አንድ ድምፅ፣ ቀጥሎ ብዙ። ሁለቱም ተያዩ። ጀልባዋ ባዶዋን፣ ተገልብጣ፣ ድልድዩ ሥር ደርሳለች።

"ሆዮ" አለ ዱዓሌ፣ እናቴ ማለቱ ነው።

ያን ጊዜ የሮጡት ሩጫ ከጎርፉ ይበልጥ ነበር። እናታቸው አልሰማች ይሆናል፣ ቤት ይሆናል፣ ጎረቤት ይሆናል እያለች ሃዎ ትሮጣለች። እንዲህ ያለ እሪታ ግን መጋላን አልፎ ነው የሚሰማው። ሃሊሞ ደግሞ እሪታ ሰምታ ቤት የምትቀመጥ ሴት አይደለችም።

ድልድዩ ጢም ብሏል። ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ታች፣ ጀልባዋ ወደሄደችበት ያያል። ወደ ኋላ የሚያይ አንድም የለም። ተሰማ ሐዲዱን እንደሳተ ፉርጎ ወደ ጠርዙ ይገፋል፣ ሞሐሙድና ሌላ ሰው በወገቡ ይዘውታል። "ልቀቁኝ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት" ይላል። ሃዎ ሰዉን በክርኗ ትገፋ ጀመር።

"አሳልፉን።"

"ረጋ በይ አንቺ ልጅ" አለ አንድ ሰውዬ ሳይዞር። "ሰው ሞቷል።"

"እሱን ነው አሳልፉት የምላችሁ፣ የሞተውን።"

ሰውየው ዞረ። ሁለቱን አየና ገለል አለ። ቀጥሎ ሌላው ዞረ፣ ሌላውም፤ መንገድ ተከፈተ። እሪታው ከዚህኛው ጫፍ ጀምሮ እየተቆረጠ ሄደ፣ እስከ ወዲያኛው ጫፍ። በመጨረሻ የቀረው የአንዲት ሴት ድምፅ ብቻ ነው። ሃሊሞ መሃል ድልድዩ ላይ መሬት ቁጭ ብላ፣ ሻሿ ወልቆ፣ ጉልበቷን እየመታች ነበር።

"ሆዮ" አለች ሃዎ።

ሃሊሞ ቀና አለች። መጀመሪያ ሃዎን አየች፣ ጭቃዋን፣ አንድ ጫማዋን፤ እሷም ውሃ ውስጥ እንደነበረች ገና አሁን ነው የገባት። ከዚያ ዱዓሌን አየች። ተነሳች። አልጮኸችም። ራሱን ዳበሰች፣ ጆሮውን፣ ትከሻውን፣ ያበጠውን ክንዱን ነካች፤ ሲሸማቀቅ ለቀቀችው። ወደ እግሩ አየች።

"ጫማህስ?" አለች።

"ውሃው ወሰደው ሆዮ።"

"አዲሱን?"

"አዲሱን።"

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ዱዓሌን በደህናው እጁ፣ እንደ ሕፃን አንጓውን ይዛ፣ ሃዎን በሌላ እጇ ጨምድዳ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። ሰዉ ተከተለ።

ከኋላው አየሩን ሲቀዝፉ ከነበሩት ልጆች አንዱ ሮጦ ከፊታቸው ቀደመና ወደ ኋላ እየተራመደ "ዱዓሌ፣ እንዴት ነበር?" አለው።

ሰዉ ጆሮውን አቀና። ሞሐሙድም፣ ሳሕራም፣ ያ ሽማግሌም። ሃዎ ወንድሟን አየችው፤ አሁን ምን ሊል ነው ብላ ጨነቃት።

"ፈራሁ" አለ ዱዓሌ። "ገና ሳልገባ ፈርቼ ነበር። ከገባሁ በኋላ ደግሞ..."

"ዝም በልና ተራመድ" አለችው እናቱ።